የአረጋውያን የማለዳ ጨዋታ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሰፈሩና ስለ ቀረው ሰው

(ለማኅበራዊ አገልግሎትና ለጤና ባለሙያዎች በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



በዕድሜ የገፉ ወዳጆች ማለዳ ሲገናኙ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚያነሡት ነገር አየሩን ነው። ሌሊቱ እንዴት እንደ ነበረ፣ ብርዱ ከትናንቱ መክበዱን ወይም መላላቱን፣ ደመናው ከየት በኩል እንደ ተነሣ፣ ዝናቡም ሳይመሽ ይጥል እንደ ሆነ ይነጋገራሉ። ከዚያ ወደ ሰፈሩ ይገባሉ። መብራት የጠፋበት ሰዓት፣ የውሃው ፈረቃ፣ የጤፉ ዋጋ፣ የጎረቤት ልጅ ፈተና፣ ሌሊቱን ሲጮኽ ያደረው ውሻ፣ ሁሉም በየተራው ይወሳል። ይህን ከሩቅ የሚሰማ ሰው፣ በተለይም ሥራ የሚያጣድፈው ጎልማሳ፣ የሥራ ፈት ወሬ ነው ብሎ ያልፈዋል። የዚህ ንግግር ዓላማ ግን ጨዋታው ራሱ ሥራ እንደሚሠራ ማመልከት ነው፤ ያውም የማኅበሩ አባላት ደመወዝ ተከፍሏቸው ከሚሠሩት ሥራ ጋር የተያያዘ ሥራ ነው።

ነገሩን ከቦታው መጀመር ይሻላል። በአዲስ አበባም ሆነ በሌሎቹ የደጋ ከተሞች ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ሰማዩ ጥርት ይላል። ቀን ፀሐይዋ ታቃጥላለች፤ ሌሊት ግን ደመና ስለማይኖር ምድር ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ወደ ሰማይ ትለቃለች፣ ንጋት ላይም ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚባለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ድረስ የማለዳ ፀሐይ የሚያርፍበት ግንብ ሁሉ ሰው አያጣም። የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር፣ የመስጊዱ ደጅ፣ የቀበሌው አጥር፣ የወፍጮ ቤቱ በረንዳ የየራሳቸው ደንበኞች አሏቸው። ወንዶቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው ይቀመጣሉ። ሴቶቹ ከቅዳሴ መልስ ጥቂት ቆመው ይጫወቱና ቡና ወደ ተፈላበት ቤት ያመራሉ፤ ቡናውም አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ ሦስት ጊዜ ስለሚቀዳ ወሬው ሳይቸኩል እስከ መጨረሻው ይደርሳል።

ማን የት እንደሚቀመጥ የተጻፈ ደንብ የለም፤ ነገር ግን ሁሉም ያውቀዋል። ጆሮው የከበደው በመካከል፣ ዐይኑ የደከመው ለፀሐይ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ቀልደኛው ደግሞ ዳር ላይ ይቀመጣል። አንድ እንግዳ መጥቶ የአንዱን ቦታ ቢይዝ ማንም አይቆጣውም፤ ባለ ቦታው ሲመጣ ግን ሁሉም በአንድነት ፈቀቅ ፈቀቅ ይላሉ፤ እንግዳውም ሳይነገረው ይገባዋል።

የአማርኛ ሰላምታ ብዙ ይጠይቃል፤ መልሱ ግን ጥቂት ይናገራል። «እንደምን አደሩ?» ለሚለው «እግዚአብሔር ይመስገን» ይባላል። ጤነኛውም፣ በሽተኛውም፣ ዐይኑን ሳይከድን ያደረውም የሚመልሱት ይህንኑ ነው፤ ሙስሊሙም በ«አልሐምዱሊላህ» ይመልሳል። ጨዋነት ይህን ይጠይቃልና ትልቅ ሰው በሰላምታ ላይ ሕመሙን አይዘረዝርም። ሕመሙን የሚናገርበት ሌላ መንገድ ግን አለው፤ መንገዱም አየሩ ነው። «ዘንድሮስ ብርዱ ጠናብን» ሲል የሚያዳምጠው ወዳጁ ነገሩ ስለ አየር ብቻ እንዳልሆነ ወዲያው ይረዳል።

ለዚህ ደግሞ ቋንቋው ራሱ ተመቻችቶለታል። «ብርድ» የአየሩም የሕመሙም ስም ነው። «ብርድ መታኝ» የሚል ሰው ስለ ሙቀት መለኪያው ሳይሆን ስለ ጉልበቱ፣ ስለ ወገቡ ወይም ስለ ሆዱ እየተናገረ ነው። «ነፋስ»ም እንደዚሁ ነው። «ምች» ደግሞ ፀሐይ ያመጣዋል ተብሎ ዳማ ከሴ የሚታሽለት፣ ትኩሳትን፣ ራስ ምታትንና የከንፈር ቁስልን በአንድ ስም የሚጠራ ቃል ነው። እንግዲህ አንድ አረጋዊ በአንድ ሳምንት ውስጥ ስለ ነፋሱ ሦስት ጊዜ ካማረረ ከአጠገቡ የሚቀመጡት ሰዎች የሚመለከቱት ሰማዩን ሳይሆን እርሱን ነው። ሰማዩን የሚመለከተው፣ የሚያሳዝነው ነገር፣ ብዙውን ጊዜ ባለሙያው ነው።

በእርግጥም እርጅና ሰውነት ሙቀቱን የሚጠብቅበትን ችሎታ ይቀንሰዋል። ከቆዳ ሥር ያለው ስብ ይሳሳል፤ ብርድ ሲመጣ የደም ሥሮች እንደ ወጣትነት ጊዜ ፈጥነው አይኮማተሩም፤ ሙቀት የሚያመጣው መንቀጥቀጥም ይደክማል። አንዳንዱም ብርዱ እየጎዳው ሳይሰማው ይቀራል። ስለዚህ በጣቢያው የተመዘገበው የሌሊት ሙቀት ካምናው የተለየ አለመሆኑ የአረጋዊውን አቤቱታ ውድቅ አያደርገውም። ከዚህም ሌላ «ብርዱ ጠና» የሚለው ቃል በውስጡ ሌላ ነገር ሊይዝ ይችላል፤ ከሰል አልቆ ይሆናል፣ ብርድ ልብሱ ለልጅ ልጅ ተሰጥቶ ይሆናል፣ እራት መብላት ቀርቶ ይሆናል። ባለሙያው በካርዱ ላይ «ቅዝቃዜ ይሰማኛል ይላሉ» ብሎ ጽፎ ያልፋል። የግንቡ ሥር ወዳጅ ግን «ከሰል አለቀብህ እንዴ?» ብሎ ይጠይቃል። ከሁለቱ የተሻለው ምርመራ የትኛው እንደ ሆነ ለጉባኤው መተው ይቻላል።

እዚህ ላይ «አለቀብህ» የሚለው አጠራር ራሱ ሊጤን ይገባዋል። በአማርኛ ትልቅ ሰው «እርስዎ» ወይም «አንቱ» ይባላል። ልጁ፣ ጎረቤቱ፣ ሐኪሙ፣ የቀበሌው ሠራተኛ ሁሉ በአክብሮት ይጠሩታል፤ «አባባ»፣ «ጋሼ»፣ «እማማ»፣ «እትዬ» ይሉታል ወይም ይሏታል። «አንተ» ብሎ የሚጠራው አብሮ አደጉ ብቻ ነው። አብሮ አደጎቿ ሁሉ ያለፉባት አሮጊት አክብሮት አይጓደልባትም፤ ቀኑን ሙሉ «እርስዎ» ስትባል ትውላለች። «አንቺ» የሚላት ግን የለም። በስሟ ጠርቶ የሚቀልድባት፣ በልጅነቷ ያደረገችውን እያነሣ የሚያሳፍራት፣ ውሸት ስታወራ «ኧረ ተይ!» የሚላት ሰው አጥታለች። ይህ ጉድለት በየትኛውም የመጠይቅ ቅጽ ላይ አይታይም፤ ቅጹን የሚሞላው ባለሙያም ከአክብሮቱ የተነሣ ሊተካላት አይችልም።

ስለ አየሩ የሚደረገው ጨዋታ ሌላም አገልግሎት አለው፤ ይኸውም ዓመታትን መቁጠሪያ መሆኑ ነው። በባሕረ ሐሳቡ መሠረት ዓመቱ በአራት ወቅቶች ይከፈላል። ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25፣ መፀው እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋ እስከ መጋቢት 25፣ ጸደይ እስከ ሰኔ 25 ይዘልቃሉ። የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያዎች ደግሞ የዝናቡን ጠባይ ተከትለው በሦስት ይከፍሉታል፤ በጋ፣ በልግ፣ ክረምት ብለው። አረጋውያኑ ሁለቱንም ይጠቀማሉ፤ በሬዲዮ የሰሙትን የትንበያ ቃል ከሰኔ ሚካኤልና ከፍልሰታ ጋር አጋጥመው ይተረጉሙታል። በ1973 ዓ.ም. የተቋቋመውና ዛሬ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ተብሎ የሚጠራው መሥሪያ ቤት ዝናቡን በሚሊ ሜትር ይለካል፤ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በ1 ካሬ ሜትር መሬት ላይ 1 ሊትር ውሃ መውረዱ ነው። የግንቡ ሥር መለኪያ ከዚህ የተለየ ነው። ጎርፉ የማን ደጃፍ ድረስ እንደ ደረሰ፣ በረዶው ሽንብራ ወይስ ባቄላ ያህል እንደ ነበረ፣ የጭቃው ጥልቀት ጫማ ያስቀረ መሆኑ ይነገራል። አንደኛው መለኪያ ለአገር፣ ሁለተኛው ለመንደር ይበጃል።

የ1965 እና የ1966 የወሎ ረኀብ፣ የ1977ቱ ድርቅ፣ ሐምሌ 1998 ሊያልቅ ሲል በድሬዳዋ በሌሊት የደረሰውና ከ200 በላይ ሰዎች የሞቱበት ጎርፍ፣ በታሪክ መጽሐፍ የሚገኙ ነገሮች ናቸው። አረጋውያኑ ግን ስለ እነዚህ ዘመናት ሲጫወቱ ትልቁን ነገር በቀጥታ አያነሡትም። የዚያን ዓመት እህል በስንት ይሸጥ እንደ ነበር፣ ማን ከየት እንደ መጣና በማን ቤት እንዳደረ፣ ደመናው እየመጣ እንዴት ሳይጥል ይመለስ እንደ ነበር ነው የሚያወሱት። አንዱ ሲጀምር ሌላው ያርመዋል፣ ሦስተኛው ያስታርቃቸዋል። ትውስታው የማንም የብቻ ንብረት አይደለም፤ እየተፈራረቁ ይሸከሙታል። ከመካከላቸው አንዱ ሲያልፍ የታሪኩ አንድ ክፍል ይዞ የሚሄደውም ለዚህ ነው።

የኅዳር ሚካኤል ጭስ ለዚህ መልካም ማስረጃ ነው። በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር የገባው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ጨርሷል፤ ስሙም «የኅዳር በሽታ» ሆኖ ቀርቷል። ከዚያ ጋር ተያይዞ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየተሰበሰበ በየደጃፉ ይቃጠላል፤ «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ይህ ነው። ያንን በሽታ በጎልማሳነቱ ያየ ሰው ዛሬ በሕይወት የለም። ሆኖም ጭሱ ሲነሣ ትልልቆቹ ከእናት ከአባታቸው የሰሙትን ይናገራሉ፤ ልጆቹም ቆሻሻው ለምን እንደሚቃጠል ይሰማሉ። (ጭሱ አስም ላለባቸው አረጋውያን የማይበጅ መሆኑን የጤና ባለሙያው መናገር አለበት፤ ታሪኩን ለማስታወስ ፕላስቲክ ማቃጠል ግዴታ አይደለም።)

የአረጋውያን ትውስታ ሁልጊዜ ትክክል ነው ማለት ግን አይደለም። «የድሮ ክረምት ክረምት ነበር» የሚለው አባባል በየትውልዱ የሚደጋገም ነው፤ ሰው የልጅነቱን ዝናብ ከእውነተኛው መጠን አብልጦ ያስታውሳል። በሌላ በኩል ደግሞ ሁሉንም እንደ ሽማግሌ ማጋነን መቁጠር ስሕተት ነው። ከተማ በአስፋልትና በሲሚንቶ ሲሸፈን ሙቀት ይዞ ስለሚያድር ሌሊቱ እየሞቀ ይሄዳል፤ ስለዚህ «የአዲስ አበባ ብርድ እንደ ጥንቱ አይደለም» የሚሉ ሰዎች ምክንያት አላቸው። በ2007 ዓ.ም. ክረምት በኤል ኒኞ ሳቢያ ዝናቡ በብዙ ስፍራ ሲጓደልም ነገሩ የትዝታ ጉዳይ አልነበረም፤ በማግሥቱ ዓመት የምግብ እርዳታ የሚያስፈልገው ሕዝብ ቁጥር 10.2 ሚሊዮን ደርሷል።

የጨዋታው ዋና ጥቅም ግን ገና አልተነሣም፤ እርሱም የቀረውን ሰው ማወቅ ነው። የማለዳው ጨዋታ ከብርዱ ተነሥቶ፣ በሰፈሩ ወሬ አልፎ፣ «እከሌ ዛሬ አልታየም» ወደሚለው ይደርሳል። ይህ በየቀኑ የሚፈጸም የስም ጥሪ ነው፤ መዝገብ የለውም፣ ጠሪም የለውም። አንዱ «ትናንት ሲያነክስ አይቸዋለሁ» ይላል፤ ሌላው «ልጁ ከክፍለ ሀገር ትመጣለች ብሎ ነበር» ይላል። ምክንያቱ ካልተገኘ ከመካከላቸው ጉልበት ያለው ሲመለስ በደጁ በኩል ያልፋል፣ ወይም ሕፃን ይላካል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ያልታየ ሰው ከቀትር በፊት ይጠየቃል። ይህን ያህል የሚፈጥን የክትትል አገልግሎት ያለው መሥሪያ ቤት አዲስ አበባ ውስጥ መኖሩ ያጠራጥራል።

ስለ አገራችን የመረዳዳት ልማድ ሲነገር አስቀድሞ የሚጠቀሰው ዕድር ነው፤ ሊጠቀስም ይገባዋል። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ የወጥ ዕቃው፣ የወሩ መዋጮ፣ ለቀብር ባልመጣ አባል ላይ የሚጣለው መቀጮ ሁሉ የታወቀ ነው። አንዳንድ ዕድሮችም ከቀብር አልፈው ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያን እስከ መርዳት ደርሰዋል። ነገር ግን ዕድር በመሠረቱ ጥሩንባው ሲነፋ የሚነቃ ድርጅት ነው። የግንቡ ሥር ጉባኤና የቡናው ስብሰባ ግን ጥሩንባው ከመነፋቱ በፊት ያለውን ጊዜ ይይዛሉ። በዕድሩ መዝገብ ላይ ገንዘቡን በየወሩ በልጁ እጅ የሚልክ አባል ስሙ ንጹሕ ነው፤ ከአልጋ ከወደቀ ሦስት ወር ቢሆነውም ዕዳ የለበትም።

ይህ የስም ጥሪ የሚካሄደው ሰዎች ባሉበት ሲቆዩ ነው። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች በሰፊው ሲሠሩ ብዙ ቤተሰብ ከቆርቆሮና ከጭቃ ቤት ወጥቶ ውሃና መጸዳጃ ያለው ቤት አግኝቷል። ይህን ማቃለል አይገባም፤ ለአሮጊት የውጭ መጸዳጃ በሐምሌ ሌሊት ምን ማለት እንደ ሆነ የሚያውቅ ሰው አያቃልለውም። ሆኖም ቤቶቹ የሚደርሱት በዕጣ ስለ ነበረ አርባ ዓመት አጥር ለአጥር የኖሩ ጎረቤቶች አንዱ በከተማው ምሥራቅ፣ አንዱ በደቡብ ዳርቻ ተበታተኑ። ሕንጻዎቹም አብዛኞቹ ከምድር በላይ አራት ፎቅ ሲሆኑ አሳንሰር የላቸውም። ጉልበቱ የሚታመም አረጋዊ አራተኛ ፎቅ ላይ ከደረሰው ለመውረድ የሚያስበው በሳምንት አንድ ቀን ይሆናል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮም ለኮሪደር ልማት ሲባል በፒያሳና በዶሮ ማነቂያ ዙሪያ የነበሩ ሰፈሮች ሲፈርሱ ነዋሪዎቻቸው ገላን ጉራን ወደ መሳሰሉ የከተማዋ ዳርቻዎች ሄደዋል። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ አምሯል። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ይቀመጡበት የነበረው ግንብ ግን በካሣ ዝርዝር ውስጥ የሚገባ ንብረት አልነበረም።

የተበተኑት ሰዎች የሚያደርጉት ነገር ትኩረት የሚያሻው ነው። ዕድራቸውን አይለውጡም፤ ሁለት አውቶቡስ ቀያይረው ወደ ቀድሞው ደብራቸው ይመለሳሉ፤ የንግሥ ቀን ከሆነማ ከማለዳ ጀምሮ እዚያው ናቸው። ልጆቻቸው «እዚህስ ቤተ ክርስቲያን የለም ወይ?» ብለው ይቆጣሉ። ቤተ ክርስቲያኑ አለ፤ የሌለው «አንተ» የሚለው ሰው ነው። ጉልበት የከዳው ደግሞ በአዲሱ ሕንጻ ደጃፍ ወንበር አውጥቶ ይቀመጣል። ከሌላ ሰፈር የመጣ ሌላ አረጋዊም አጠገቡ ይቀመጣል። አንዱ የሌላውን ዘመድ አያውቅም፣ የሚያወሱት የጋራ ዘመን የላቸውም፤ ስለዚህ በሚጋሩት ነገር ይጀምራሉ፦ «ደመናው ዛሬስ የሚጥል ይመስላል»። እንዲህ እያለ የተጀመረ ወዳጅነት ለስም ጥሪ እስኪበቃ ድረስ ዓመታት ይፈጃል፤ ዓመታት ደግሞ በዚያ ዕድሜ በብዛት አይገኙም።

የልጅ ልጅ ሊያሳድጉ ወደ አሜሪካ የሚሄዱ እናቶች ነገርም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ልጆቹ በሥራ ላይ ሲውሉ ክረምቱን ከመስኮት በስተጀርባ ያሳልፋሉ፤ ስልክ ሲደውሉ አስቀድመው የሚጠይቁትም የአገር ቤቱን ዝናብ ነው። እዚያ ማዶ ሆኖ የኮልፌን ዝናብ መጠየቅ ሞኝነት የሚመስለው ሰው ካለ የጥያቄውን ትርጉም አልተረዳም።

ጨዋታው የማያቅፋቸው ሰዎች እንዳሉም መሸሸግ አይገባም። ቡና ለማፍላት ተራ የሚደርሳት ግን የቡና መግዣ የሌላት ሴት ቀስ በቀስ መምጣት ትተዋለች። ወሬ ያቆሰለው ሰውም አለ፤ ግንቡ ሥር ሰው ይወደሳል፣ ሰው ይታማልም። ከሁሉ የበለጠ ግን ሰውን ከጨዋታው የሚያወጣው የጆሮ መክበድ ነው። የተባለውን ሦስት ጊዜ ማስደገም ያሳፍራል፤ ሌሎቹ ሲስቁ ሳይገባ አብሮ መሳቅም ያዋርዳል። እንዲህ ያለው ሰው «ብርዱ አላስወጣኝም» ብሎ ከቤት መቅረት ይጀምራል፤ እዚህም አየሩ ሰበብ ሆኖ ያገለግላል። የዐይን ሞራም እንደዚሁ ነው። በኢትዮጵያ ለዐይነ ስውርነት ዋነኛው መንስኤ ይኸው የዐይን ሞራ ሲሆን በአጭር ቀዶ ሕክምና የሚወገድ ነው። አንድን አረጋዊ ሞራውን አስገፍፎ ወደ ግንቡ መመለስ ዐይን ከማዳን ያለፈ ሥራ መሆኑን የዐይን ሐኪሞች ቢያውቁት መልካም ነው።

በቅርቡ የታዩ ሁለት ነገሮች ጉዳዩን ከልማድና ከትዝታ አውጥተው ወደ ባለሙያው ጠረጴዛ አምጥተውታል። አንደኛው የ2012ቱ የኮሮና ወረርሽኝ ነው። መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው በሽተኛ ከተገኘ በኋላ አረጋውያን ከሁሉ በላይ ለአደጋ የተጋለጡ በመሆናቸው ከቤት እንዳይወጡ ተመከሩ፤ ምክሩም ትክክል ነበር። ግንቡ ሥር ሰው ጠፋ። በዚያው ዓመት ሰኔ 14 ቀን እሑድ ጠዋት ፀሐይ ስትጋረድ፣ በላሊበላ በኩል ቀለበት መስላ ስትታይ፣ በየግቢው ለየብቻው ሆኖ ያየ አረጋዊ ሁሉ የሚነግረው ሰው ፈለገ። ብዙዎቹ ከአጥር ወዲህና ወዲያ ሆነው ተጫወቱ። ሁለተኛው በ2017 ዓ.ም. የዓለም የጤና ድርጅት ኮሚሽን ስለ ማኅበራዊ ትስስር ያወጣው ሪፖርት ነው። በዚህ ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ ከ6 ሰዎች አንዱ ብቸኝነት ይሰማዋል፤ ከብቸኝነትም ጋር የተያያዘው ሞት በዓመት ከ871,000 በላይ እንደሚሆን ተገምቷል። ቁጥሩ የዓለም ነው፤ አገራችን በዚህ ውስጥ ያላትን ድርሻ ለማወቅ በየጣቢያው የሚመዘግብ ሰው ያስፈልጋል።

ከዚህ ተነሥቶ የአረጋውያን መዋያ ማዕከል፣ አሠልጣኝና የጨዋታ መርሐ ግብር ይዘርጋ የሚል አሳብ ይቀርባል። በጎ አሳብ ነው፤ ነገር ግን ጥንቃቄ ይሻል። ሰዓት ተመድቦለት በአስተባባሪ የሚመራ ጨዋታ ስብሰባ ይሆናል፤ አረጋውያኑም በዘመናቸው በቂ ስብሰባ አይተዋል። የሚያስፈልጋቸው ከዚህ ያነሰና የረከሰ ነው። በአዲሱ ሰፈር የማለዳ ፀሐይ በሚያርፍበት በኩል መደገፊያ ያለው አግዳሚ መቀመጫ፣ በላዩም የሐምሌን ዝናብ የሚከለክል ቆርቆሮ፣ በአጠገቡ መጸዳጃ፤ ምድር ቤት የሚገኙት ክፍሎች ሲታደሉም ደረጃ መውጣት ለማይችሉት ቅድሚያ መስጠት ነው። ለባለሙያው ደግሞ በካርዱ ላይ አንድ መስመር ይጨመርለት፤ «ትናንት ከማን ጋር ተጫወቱ?» የሚል። «ጎረቤት አለዎት?» ተብሎ ቢጠየቅ ሁሉም «አለኝ» ይላል። ትናንት ከማን ጋር እንደ ተጫወተ ሲጠየቅ ግን ስም መጥራት ይኖርበታል፤ የሚጠራው ስም ያጣ ሰው ዝም ይላል፤ ዝምታውም ይመዘገባል።

የቤት ለቤት ጉብኝት ጊዜም ቢሆን እንደገና ሊታሰብበት ይገባል። በብዙ ቦታ ጉብኝቱ የሚበዛው መንገዱ ደረቅ በሆነበት በበጋ ነው፤ በክረምት ጭቃው ስለሚያስቸግር ይቀንሳል። ነገር ግን በበጋ አረጋውያኑ እርስ በርሳቸው ይጠያየቃሉ፤ ግንቡ ደረቅ ነው፣ ፀሐዩ አለ፣ የቀረው ሰው በማግሥቱ ይታወቃል። ሐምሌና ነሐሴ ሲገቡ ግን ግንቡ ይረጥባል፣ መንገዱ ያንሸራትታል፣ ጉም ከእንጦጦ ወርዶ እስከ ረፋድ ይተኛል። ሁሉም በየቤቱ ይከተታል፤ አለመታየትም የማንንም ልብ አያስደነግጥም፣ ምክንያቱም የሚታይ ሰው የለም። በዚያን ጊዜ «እከሌ አልታየም» የሚል አይኖርም። ስለዚህ የጉብኝቱ መርሐ ግብር ከሰኔ ሚካኤል ጀምሮ እስከ መስቀል ድረስ እንዲጠነክር፣ ለጎብኚዎቹም የዝናብ ልብስና ቦቲ ጫማ በበጀቱ እንዲያዝ፣ የስም ዝርዝሩም በግንቦት ወር፣ ሰዎቹ ገና ፀሐይ እየሞቁ ሳሉ፣ ከራሳቸው ከአረጋውያኑ አንደበት እንዲሰበሰብ የሚጠይቀው አሳብ ለጉባኤው ቀርቧል።